“መጽሐፉ ይውጣ” ወይስ “ልጄ ይውጣ”? የሜሪላንድ ወላጆች የረቱበት ክስ ሲብራራ

“ፍርድ ቤቱ እነዚያን መጽሐፎች አስወጣልን።” በሜሪላንድ ትምህርት ቤቶች ለትንንሽ ልጆች ስለሚነበቡ፣ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻንና የጾታ ማንነትን ስለሚተርኩ መጽሐፎች የሚባለውን ይህን አባባል ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በእድር ስብሰባ፣ በስልክ ወሬ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የሚሉት ሰዎች ደስታ ይገባኛል፤ እኔም በውሳኔው ተደስቻለሁ። አባባሉ ግን ስህተት ነው፣ መዘዙም ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁን 27 ቀን 2025 በሰጠው ውሳኔ አንድም መጽሐፍ ከአንድም ክፍል አላስወጣም። ያለው ይህን ነው፦ መጽሐፎቹ ከመነበባቸው በፊት ለወላጅ ንገሩ፤ ወላጅ በሃይማኖቱ ምክንያት “ልጄ በዚያ ሰዓት ከክፍል ይውጣልኝ” ካለ ፍቀዱለት። ይህን ልዩነት ያልያዘ ወላጅ ትምህርት ቤት ሄዶ የማይሰጠውን ጠይቆ፣ የሚገባውን ሳይጠይቅ ይመለሳል። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ላስረዳ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ከዋሽንግተን በስተ ሰሜን ባለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና ሮክቪል በዚሁ ካውንቲ ውስጥ ናቸው። የትምህርት ወረዳው ወደ 160 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ያሉት፣ በሜሪላንድ ትልቁ ነው። የእኛ ሰው በዚያ ምን ያህል እንደበዛ ለማወቅ ለወላጆች የሚላኩትን ማስታወቂያዎች ማየት ይበቃል፤ ከስፓኒሽና ከቻይንኛ ጎን በአማርኛም ይወጣሉ።

በ2022 መገባደጃ የወረዳው የትምህርት ቦርድ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 5ኛ ክፍል ላሉ ልጆች አዳዲስ የተረት መጽሐፎችን በእንግሊዝኛ ንባብ ትምህርት ውስጥ አስገባ። በአንደኛው አንዲት ትንሽ ልጅ የምትወደው አጎቷ ወንድ ሊያገባ ሲዘጋጅ ታያለች። በሌላው አንድ ልዑል ከአንድ ባላባት ወታደር ጋር ይጋባል። ሌላው ሴት ሆና የተወለደች ልጅ ለእናቷ “እኔ ወንድ ነኝ” ማለቷን ይተርካል። አንዲት ልጅ የክፍል ጓደኛዋን ሴት ልጅ ስታፈቅር የሚያሳይም አለ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። በሜሪላንድ ሕግ ስለ ቤተሰብ ሕይወትና ስለ ጾታ ግንኙነት የሚሰጠው ትምህርት ከጤና ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው፤ ወላጅም ልጁን ከዚያ ትምህርት እንዲያስወጣ ተፈቅዶለታል። እነዚህ መጽሐፎች ግን የተቀመጡት በጤና ሳይሆን በእንግሊዝኛ ንባብ ውስጥ ነው። ንባብ ደግሞ ዕለት ተዕለት የሚሰጥ ዋና ትምህርት ነው። ለወላጆቹ ሐዘን መነሻ የሆነው የመጽሐፎቹ መኖር ብቻ ሳይሆን ይህ አቀማመጥ ጭምር ነበር።

ለመምህራን ደግሞ የምላሽ መመሪያ ተሰጠ። ልጅ ስለ ጾታ ማንነት ከጠየቀ፣ ስንወለድ ሰዎች ሰውነታችንን አይተው ወንድ ወይም ሴት ብለው እንደሚገምቱ፣ ግምታቸው አንዳንዴ ልክ አንዳንዴም ስህተት እንደሚሆን እንዲነገረው ይመክራል። “ሴት ልጅ የምትወደው ወንድ ብቻ ነው” የሚል ልጅ ካለም አስተሳሰቡ እንዲናጋ ይጠቁማል። ይህን ያነበቡ አንዳንድ የወረዳው ርእሳነ መምህራን ራሳቸው ስጋታቸውን ለበላዮቻቸው ጽፈው ነበር፤ ለዕድሜው የማይመጥን ነገር እንዳለበት፣ ሃይማኖት ያላቸውን ቤተሰቦች እምነት እንደሚያናንቅ አስታውቀዋል። ስጋቱን ያነሱት ከውጭ የመጡ ተቃዋሚዎች አልነበሩም፤ የቤቱ ሰዎች ናቸው።

መጀመሪያ ላይ ቦርዱ ለወላጆች አስቀድሞ እንደሚያሳውቅና ልጃቸውን ማስወጣት እንደሚችሉ ተናግሮ ነበር። በእንግሊዝኛው “ኦፕት አውት” የሚባለው ይህ ነው፤ የእኛም ሰው በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። በማርች 2023 ቃሉ ታጠፈ። ከሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ጀምሮ ማሳወቅም ማስወጣትም ቀረ። የተሰጠው ምክንያት ጥያቄው በዝቶ ክፍሉን አወከው፣ ክፍል ውስጥ የሚቀሩትና ቤተሰባቸው በመጽሐፉ እንደተገለጸው ያለ ልጆችም እንደተገለሉ ይሰማቸዋል የሚል ነበር።

ያን ጊዜ በሮክቪል ከትምህርት ቦርዱ ጽሕፈት ቤት ፊት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ተሰለፉ። ሙስሊም አባቶችና እናቶች፣ ነጠላ የለበሱ የኦርቶዶክስ እናቶች፣ ካቶሊኮች፣ በአንድ መፈክር ቆሙ። ከእኛ አገር የመጣ ሰው ይህን ሲያይ ልቡ ይነካል፤ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ለአንድ ጉዳይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ማየት ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያው ሰሞን አንዲት የካውንቲው ምክር ቤት አባል የሙስሊም ወላጆቹ አቋም ከነጭ የበላይነት አራማጆች ጎን እንዳሰለፋቸው ተናገሩ፤ በኋላ ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታው መልካም ነው። ግን ንግግሩ አንድ ነገር አሳየ፦ ስደተኛ ወላጅ ለእምነቱ ሲናገር ቃሉ እንዴት ተተርጉሞ ሊቀርብበት እንደሚችል።

በሜይ 2023 ሙስሊም፣ ካቶሊክና የዩክሬን ኦርቶዶክስ ወላጆች ተባብረው ከሰሱ። ክሱ “ማህሙድ ከቴይለር” በሚል ስም ይታወቃል፤ ማህሙድ ከከሳሾቹ ወላጆች አንዱ ሲሆኑ ቴይለር የወረዳው ትምህርት ኃላፊ ናቸው። ወላጆቹ መጽሐፎቹ ይነሱ አላሉም። የጠየቁት የተነጠቁት ኦፕት አውት እንዲመለስ ብቻ ነው። በኦገስት 2023 የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጥያቄያቸውን ውድቅ አደረገ። በሜይ 2024 የይግባኙ ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ውሳኔውን አጸና። ምክንያቱ ሲቃለል እንዲህ ነው፦ ልጅ ከእምነቱ የሚቃረን ነገር መስማቱ ብቻ ማስገደድ አይደለም፤ እምነትህን ተው ያለው ወይም ከእምነትህ ውጪ አድርግ ያለው የለም።

የወላጆቹ ጠበቆች ለዚህ መልስ የፈለጉት በድሮ መዝገቦች ውስጥ ነው። ወግ አጥባቂ አሜሪካውያን ስለ ወላጅ መብት ሲናገሩ ሁልጊዜ የሚመለሱባቸው ሦስት ውሳኔዎች አሉ፤ እኛም ብናውቃቸው ይጠቅመናል።

የመጀመሪያው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣ ነው። የኔብራስካ ግዛት 8ኛ ክፍልን ላላለፈ ልጅ የውጭ ቋንቋ ማስተማርን በ1919 ከለከለ፤ ዒላማው ጀርመንኛ ነበር። በአንድ የሉተራን ትምህርት ቤት አንድ መምህር ለአሥር ዓመት ልጅ በጀርመንኛ ንባብ ሲያስተምሩ ተገኙና 25 ዶላር ተቀጡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1923 ቅጣቱን ሻረ፤ ልጅን ማስተማር የመምህሩም የወላጁም ነፃነት ነው አለ። ቅዳሜና እሁድ ልጆቻችንን ሀ ሁ የምናስቆጥርባቸውን ክፍሎች ሳይ ይህ ውሳኔ ትዝ ይለኛል። ያ ሕግ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ በአንዳንድ ግዛቶች የአማርኛ መምህር እንደ ጥፋተኛ ሊቆም ይችል ነበር።

ሁለተኛው የኦሪገን ነው። በ1922 ግዛቱ ልጆች ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ እንዲማሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ ዋናው ዒላማ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፣ የነጭ የበላይነት አራማጁ ኩ ክለክስ ክላንም ሕጉን ደግፏል። በ1925 ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ሻረው። ልጅ የመንግሥት ፍጥረት ብቻ አይደለም የሚለው ዝነኛ ቃል የተነገረው በዚህ ውሳኔ ነው።

ሦስተኛው ለዚህ ክስ ቁልፍ የሆነው ነው። በዊስኮንሰን የአሚሽ እምነት ተከታዮች፣ ማለትም ከዘመናዊ ኑሮ ርቀው የሚኖሩ ክርስቲያኖች፣ ልጆቻቸውን ከ8ኛ ክፍል በኋላ ወደ ትምህርት ቤት አንልክም አሉ፤ የግዛቱ ሕግ እስከ 16 ዓመት ያስገድድ ነበር። ሦስት አባቶች እያንዳንዳቸው 5 ዶላር ተቀጡ። ገንዘቡ ኢምንት ነው፤ ክርክሩ ግን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1972 ፍርድ ቤቱ ለአባቶቹ ፈረደ። የወላጅ ሃይማኖታዊ አስተዳደግ ነፃነት በእውነት አደጋ ላይ ሲወድቅ መንግሥት እጅግ ከባድ ምክንያት ማቅረብ አለበት አለ።

ታዲያ እንዲህ ያለ መዝገብ እያለ የታች ፍርድ ቤቶች ለምን በወላጆቹ ላይ ፈረዱ? የአሚሾቹን ውሳኔ አሚሾቹን ብቻ የሚመለከት ልዩ ነገር አድርገው ያዩት ስለነበር ነው። በ1987 በቴነሲ፣ በ2008 በማሳቹሴትስ ወላጆች በንባብ መጽሐፎች ጉዳይ ከሰው ተሸንፈዋል። ሌላም እንቅፋት ነበር፤ እንቅፋቱን ያኖሩት ደግሞ ራሳቸው የወግ አጥባቂዎች መሪ ይባሉ የነበሩት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ናቸው። በ1990 በጻፉት ውሳኔ ሕጉ ለሁሉም እኩል የሚሠራና ሃይማኖትን ያላነጣጠረ ከሆነ፣ ሃይማኖቴን ነካ ብሎ ከሕጉ ልውጣ ማለት አይቻልም አሉ። ስለዚህ “ወግ አጥባቂ ዳኛ ሁሉ ሁልጊዜ ለሃይማኖተኛ ይፈርዳል” የሚለው ግምት በታሪክ አይደገፍም።

በ2025 ስድስት ዳኞች ለወላጆቹ፣ ሦስት ዳኞች በተቃራኒው ቆሙ። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ ናቸው። የአሚሾቹ ውሳኔ ለአንድ ማኅበረሰብ ብቻ የተሰጠ ልዩ ውለታ አይደለም፣ ለማንኛውም ወላጅ ይሠራል አሉ። መንግሥት ልጁን በግድ እምነት ባያስክደውም፣ ወላጆቹ ሊያወርሱት የሚፈልጉትን እምነት የመሸርሸር እውነተኛ አደጋ የሚያመጣ ትምህርት ከጫነበት የእምነት ነፃነታቸውን ነክቷል ማለት ነው። ለዚህ የጠቀሱት የመጽሐፎቹን ይዘት ብቻ አይደለም። የልጆቹን ዕድሜ፣ የመምህሩን ሥልጣን፣ ከመጽሐፉ ጋር የተሰጠውን የምላሽ መመሪያም አብረው መዘኑ። መጽሐፎቹ ጋብቻንና ጾታን በሚመለከት አንዱን አስተሳሰብ ትክክል፣ ሌላውን መጥፎ አድርገው ያቀርባሉ ብለው ደመደሙ።

የመምህሩ ሥልጣን የሚለው ነጥብ ለእኛ ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም። ከየኔታ እግር ሥር ፊደል የቆጠረ ሰው፣ ወይም ከእንዲህ ያለ ሰው የተወለደ፣ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ የመምህሩን ቃል እንዴት እንደሚቀበል ያውቃል። “መምህሬ እንዲህ ብላለች” ካለ በኋላ እናቱ ብትምል አይሰማም። ያ ልጅ መጽሐፍ አንብቦ፣ መዝኖ፣ “ይህ አንድ አመለካከት ነው” ብሎ አያልፍም። ለ16 ዓመት ልጅ ክርክር የሆነው ነገር ለዚህኛው እውነት ሆኖ ነው የሚቀመጠው። የወላጆቹ ክስ ጥንካሬው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

“ካልተመቻችሁ ወደ ግል ትምህርት ቤት ውሰዱ” ለሚለውም ፍርድ ቤቱ መልስ ሰጥቷል። የመንግሥት ትምህርት ሁሉ የሚካፈለው ጥቅም ነው፤ እምነትህን ካልተውክ አታገኘውም ሊባል አይገባም። በቀን ሁለት ሥራ ለሚሠራ አባት፣ በሆስፒታል ሌሊት ለምታድር እናት የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ምርጫ ነው ማለት ኑሯቸውን አለማየት ነው። ክፍሉ ይታወካል ለሚለው ደግሞ፣ ቦርዱ በጤና ትምህርትና በሌሎች ምክንያቶች ልጆችን ማስወጣት እንደሚፈቅድ ተጠቅሶ እዚህ ላይ ብቻ ለምን አይቻልም ተባለ።

የልዩነት ሐሳቡን የጻፉት ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር ናቸው፤ ዳኞች ኬጋንና ጃክሰን ተስማምተውበታል። ሐሳባቸውን ማጣጣል አይገባም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ትርጉሙ የተለያየ ሰው ልጆች አብረው ተቀምጠው የተለያየ ነገር የሚሰሙበት መሆኑ ነው ይላሉ። ዛሬ ይህ ከተፈቀደ ነገ የዝግመተ ለውጥ ትምህርትን፣ ከቤት ውጭ የሚሠሩ ሴቶችን ታሪክ የማይወድ ወላጅ ሁሉ ልጁን ሊያስወጣ ነው፤ ትምህርት ቤት ይታመሳል። የአጎቷን ሰርግ የሚተርከውን መጽሐፍ ከሐሳባቸው ጋር አያይዘው አንባቢ ራሱ እንዲፈርድ አቅርበዋል።

ስጋታቸው ባዶ አይደለም። የሁለት እናቶች ልጅ የሆነች ተማሪ፣ መጽሐፉ ሲከፈት የክፍሉ ግማሽ ተነሥቶ ሲወጣ ብታይ ያማታል። ይህን ሕመም የማያይ ወላጅ ክርስቲያንም ሙስሊምም ቢሆን ጥሩ ጎረቤት አይደለም። ነገር ግን ያን ልጅ ላለማሳመም ሌላውን ልጅ ከአባቱና ከእናቱ ጋር ማጋጨት መፍትሔ አይሆንም። ቦርዱ መጀመሪያ የያዘው መንገድ፣ ማለትም አሳውቆ መፍቀድ፣ ሁለቱንም ሊጠብቅ ይችል ነበር። ጥያቄው በዛ ተብሎ መዘጋቱ ግራ ያጋባኛል። የጥያቄው መብዛት ወላጆቹ እንዳልተማከሩ የሚናገር ምልክት ነበር።

አሁን ውሳኔው ወደማይሰጠው ነገር ልምጣ። አንደኛ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2025 የሰጠው ትእዛዝ ክሱ እየታየ ሳለ የተሰጠ ጊዜያዊ ጥበቃ ነበር፤ የመጨረሻው ፍርድ አልነበረም። መርሁ ግን አገር አቀፍ ስለሆነ የታች ፍርድ ቤቶች ሁሉ ይከተሉታል። ሁለተኛ፣ የቆመው በሃይማኖት ነፃነት ላይ ነው። “እኔ እንዲሁ አልወደድኩትም” የሚል ወላጅ በዚህ ውሳኔ አይጠለልም። ሦስተኛ፣ በልጄ ፊት ማንም ይህን ቃል አያንሣ የሚል መብት አልሰጠም፤ መምህሩ እግረ መንገዱን ያነሣው ነገር ሁሉ ወይም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተቀመጠ መጽሐፍ በዚህ አይሸፈንም። እያንዳንዱ ጉዳይ እንደ ይዘቱ፣ እንደ ልጁ ዕድሜ፣ እንደ አቀራረቡ ይመዘናል።

ወግ አጥባቂዎቹ ራሳቸው የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው፤ ከእኛ ወገን ብዙዎች ልዩነቱን አያዩትም። አንደኛው ወገን የሞንትጎመሪ ወላጆች መንገድ ነው፦ የእኔን ልጅ ልቀቁልኝ። ሁለተኛው መንገድ ትምህርቱ ለማንም ልጅ እንዳይሰጥ በሕግ መከልከል ነው። ፍሎሪዳ በ2022 ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 3ኛ ክፍል ስለ ጾታ ማንነትና ስለ ፆታዊ ዝንባሌ ማስተማርን የከለከለችው በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው መንገድ ደጋፊዎቹ ብዙ ናቸው፣ መከራከሪያም አላቸው፤ ሥርዓተ ትምህርት የሕዝብ ስለሆነ ሕዝብ በመረጣቸው ሰዎች ሊወስን ይችላል ይላሉ። እኔ የምቀርበው ለመጀመሪያው ነው። ምክር ቤት ዛሬ በእኔ ወገን፣ ነገ በሌላው ወገን ይያዛል። አብላጫ ድምፅ ሳልይዝም የሚጠብቀኝ የወላጅነት መብቴ ነው። ኔብራስካ ጀርመንኛን ስትከለክልም በሕዝብ ድምፅ የተመረጡ ሰዎች ናቸው የወሰኑት።

በአውሮፓ ለምትኖሩ አንባቢዎች፣ ይህ ውሳኔ እዚያ እንደማይሠራ ላስታውስ። በእንግሊዝ ከ2020 ጀምሮ ወላጅ ልጁን ከጾታ ግንኙነት ትምህርት እንዲወጣለት መጠየቅ ይችላል፤ በአንደኛ ደረጃ ስለ ቤተሰብና ስለ ወዳጅነት ከሚሰጠው ትምህርት ግን ማስወጣት አይችልም። ጀርመን ልጅን በቤት ማስተማርን አትፈቅድም፤ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2006 ለጀርመን ወግኗል። ይኸው ፍርድ ቤት በ1976 ልጆቻቸውን ከጾታ ትምህርት ለማስወጣት የጠየቁትን የዴንማርክ ወላጆች አልተቀበላቸውም፤ በ2007 ግን የኖርዌይ ወላጆች ከሃይማኖት ትምህርት ልጆቻቸውን ለማስወጣት ያቀረቡትን ክስ ረትተዋል። ሜዳው የተለያየ ነው፤ የምትኖሩበትን አገር ሕግ ጠይቁ።

አሜሪካ ላለው ወላጅ ሥራው በደብዳቤ ይጀምራል። ለክፍሉ መምህርና ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ ይጻፍ፤ በቃል የተባለ ነገር ይረሳል። በደብዳቤው ላይ ምክንያቱ ሃይማኖታዊ መሆኑ፣ የትኛው ዓይነት ትምህርት እንደሆነ፣ አስቀድሞ እንዲነገራችሁ መጠየቃችሁ በግልጽ ይስፈር። ልጁ በወጣበት ሰዓት የት እንደሚቆይና ምን እንደሚያነብም ጠይቁ፤ ኮሪደር ላይ እንደተቀጣ ሆኖ መቆም የለበትም። ስለ ሌሎች ቤተሰቦች አንድም ክፉ ቃል አይግባበት። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ በአማርኛ ጽፋችሁ ልጅ ሳይሆን አዋቂ ሰው ይተርጉምላችሁ፤ ስለ ራሱ የተጻፈውን ደብዳቤ ልጅ አይሸከም። ቅጂውን ከነቀኑ አስቀምጡ። መስመሩም “መጽሐፉ ይውጣ” ሳይሆን “ልጄ በዚያ ሰዓት ይውጣልኝ” ይበል፤ ፍርድ ቤቱ የፈረደው ለዚህኛው ነው።